ሁለተኛው አራሚ

ኼርትያ ታሪክ ስታስተምር ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት፤ በኔዘርላንዷ ድራኽተን ከተማ ነጥብ ትነፍጋለች እየተባለች ትታማለች። ሐሜቱን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ደንቡ ያለው ለዚሁ ነው። የአገር አቀፉን ፈተና መጀመሪያ የተማሪው መምህር ያርመዋል፤ ከዚያ ወረቀቱ ታሽጎ ሌላ ከተማ ላለ መምህር ይላካል፤ ካልተስማሙ ይነጋገራሉ። ኼርትያ የተጠራጠረችበትን መልስ ነጥብ ትከለክልና ጠርዙ ላይ በእርሳስ ምልክት ታደርጋለች፤ ለልጁ የሚከራከርለት ያኛው ሰው ነው ብላ። እሷ በተራዋ የሌላ ትምህርት ቤት ወረቀት ሲደርሳት እሑዷን ሰውታ መስመር በመስመር ታነባለች።

ዘንድሮ በድጋሚ ፈተናው ኒንከ የምትባል ተማሪዋ ለማለፍ አንድ ነጥብ ጎደላት። ልጅቱ ነርስነት ልትማር ቦታ አግኝታለች፤ ከወደቀች ቦታውም ይሄዳል፣ ክፍሉንም ትደግማለች። አንዱ መልሷ አጠራጣሪ ነበር። ኼርትያ ምልክቷን አድርጋ ላከችው።

ውጤት በሚነገርበት ቀን ጠዋት ፖስታው ተመለሰ። ሁለተኛው አራሚ በውጤቱ መስማማቱን የሚገልጽበት ቅጽ ተፈርሟል። የወረቀቶቹ ጥቅል ግን እሷ እንዳሸገችው ነው፤ ፕላስተሩ አልተነካም። ሁለተኛው አራሚ ሩሎፍ ይባላል። ደወለችለት።

«ጥቅሉን አልከፈትከውም እኮ።»

«አንቺን የመሰለች ጥብቅ ሰው አርማው ምን ብዬ ልክፈተው?» ሳቀ። «ደሞ ማን ይከፍታል? አንቺ ትከፍቻለሽ እንዴ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ።»

«ወይ አንቺ፣ ሥራ ፈት ነሽ ማለት ነው።»

«አንድ መልስ ላንብብልህና ፍረድ።»

«ስብሰባ እየገባሁ ነው፣ ተይኝ እስቲ። ልስጥ ካልሽ ስጪ፣ እፈርማለሁ» ብሎ ዘጋው።

ተናደደች፤ ከሩሎፍ ይልቅ በራሷ። ስንቱን ልጅ በእርሳስ ምልክት ለማይመጣ ተከራካሪ አሳልፋ እንደሰጠች ታሰባት። ለኒንከ ነጥቡን ልትሰጣት ፈለገች። ግን ማንም ሳያይ ብቻዋን የምትሰጠው ነጥብ አድልዎ ሆኖ ታያት፤ ለእነዚያ ሁሉ ያልሰጠችውን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ውጤቱን እንዳለ አስገባች።

የወደቀ ተማሪ ጋ የሚደውለው መምህሩ ነው።

«ቲቸር፣ እርስዎ ከደወሉማ ወድቄያለሁ።»

«በአንድ ነጥብ፣ ኒንከ።»

«ያኛውስ አራሚ? እሱም አይቶት ነው?»



«አዎ፣ አይቶታል።»

«እሺ» አለች ኒንከ፣ እያለቀሰች። «ሁለታችሁም ካላችሁማ ልክ ነው።»