ለእህቴ የተሸከምኩት ሰጋቱራ

ሰዎች ወርክሾፔ ገብተው «እንዴ! የእንጨት ሥራ ቤት ሆኖ አቧራ የለውም?» ሲሉኝ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ያበሳጨኛል። የኔን ሳንባ ላድን ብዬ የሠራሁት ነገር የእህቴን ደረት እንደጨረሰ አያውቁማ። ብነግራቸውም «የእግዜር ነገር ነው» ብለው ያልፉታል። የእግዜር ነገር አይደለም፤ የኔ ነው።

ወልቂጤ ላይ የተከራየኋት ቤት ጠባብ ናት። ሲኤንሲ የሚባለውን፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጸውን ማሽን የገጣጠምኩት እዚያች ውስጥ ነው። ሞተሮቹን ከተጣሉ የፎቶኮፒ ማሽኖች ፈታሁ፤ ሐዲዱን ብረት ቤት አስበየድኩ፤ መቁረጫውን የሚያሽከረክረው አናጢ በእጁ ይዞ እንጨት የሚቦረቡርበት ተራ ራውተር ነው። የአልጋ ራስጌና የቁም ሳጥን በር ላይ አበባ ይቀርጽልኛል። የምቀርጸው ደግሞ ኤምዲኤፍ ነው። ኤምዲኤፍ እንጨት ይመስላል እንጂ፣ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተለውሶ የተጨመቀ ነገር ነው። ሲቆረጥ ፍቅፋቂ የለውም፤ እንደ ዱቄት ይቦናል። ሥራ ጨርሼ ስናፈጥ ቡናማ ነበር የሚወጣው። ቀስ በቀስ ሳል ያዘኝ። ሐኪም ቤት ስሄድ «ወይ አቧራውን አቁም፣ ወይ ሥራውን አቁም» አሉኝ።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። መጀመሪያ የቤት ቫኪዩም ገጠምኩበት፤ አንድ በር እንኳ ሳይጨርስ ከረጢቱ ታፍኖ ሞተሩ ተቃጠለ። ቀጥዬ የፕላስቲክ በርሜል አመጣሁ፤ ማራገቢያው አየሩን ሲስበው በርሜሉ ጭምድድ ብሎ ቁጭ አለ። ጎረቤቴ በያጁ እንባው እስኪፈስ ሳቀብኝ። በሦስተኛው ነው ነገሩ የገባኝ። የብረት በርሜል አናት ላይ፣ ከላሜራ የተጠቀለለ፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነ ነገር ተከልኩ። አየሩ በጎን ገብቶ እዚያ ውስጥ ይሽከረከራል፤ አቧራው ጠርዙን እየታከከ ወደ በርሜሉ ይወርዳል፤ ንጹሑ አየር በላይ በኩል ይወጣል። ቱቦው የፍሳሽ ቱቦ ነው። መጋጠሚያውን ሁሉ በሲልከን ደፈንኩ። አቧራው እንዳያመልጥ መቁረጫው ዙሪያ የመጥረጊያ ጭራ ቆርጬ አለበስኩት። ያበራሁ ቀን ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ አንድ ሙሉ ራስጌ ቀረጽኩ። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ብቻዬን ጨፈርኩ ብል ማን ያምነኛል?

በርሜሉ በሳምንት ሁለቴ ይሞላል። ሲሞላ ወዴት እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላሰብኩም።

እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ከተወለድንበት ከቸሃ ይዛኝ መጥታ፣ መናኸሪያው አጠገብ ምሳ ቤት ከፍታ፣ ለሚኒባስ ሾፌሮች ቅቅልና ጎመን በቆጮ እያቀረበች አስተማረችኝ። እሳቷ የሰጋቱራ ምድጃ ነው። የዘይት ቆርቆሮ መሃል ጠርሙስ ታቆማለህ፤ ዙሪያውን ሰጋቱራ ትጠቀጥቃለህ፤ ጠርሙሱን ስትነቅለው ቀዳዳ ይተዋል፤ በታች በኩል ስትለኩሰው ግማሽ ቀን ይነዳል። በኛ ከተማ ሰጋቱራ የሚጥል እንጨት ቤት የለም፤ ሴቶች የማዳበሪያ ከረጢት ይዘው በር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። እህቴም ከነሱ ጋር ስትቆም ነው የኖረችው። ታዲያ የኔን በርሜል ለማን ልስጥ? በማዳበሪያ ጠቅጥቄ፣ በትከሻዬ ተሸክሜ ሄድኩላት።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማንም በር ላይ አትቆሚም!» አልኳት።

«እሰይ የኔ ልጅ! እደግ ተመንደግ!» ብላ ሾፌሮቹ ሁሉ እያዩ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገችኝ።

ሙጫ እንዳለበት አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር እንጂ! አፍንጫዬ እንዳይገባ ስንት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት እኔ አይደለሁም? ጅል! ደንቆሮ! ሐሳቤ በርሜሉ ድረስ ደርሶ እዚያው ቆመ።

ወራት አለፉ። ዓይኗ ያለቅሳል፤ «ሽንኩርት ነው» ትላለች። ትስላለች፤ «ብርድ መታኝ» ትላለች። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጤና አዳም፣ ያልሞከረችው የለም። ኩሽናዋ የቆርቆሮ ነው፣ መስኮት የለውም። እኔ ገብቼ ማዳበሪያዬን አራግፌ እወጣለሁ። የኔ ሳል ጭራሽ ጠፋ፤ እንዲያውም ወፈርኩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ድስት ልታወርድ ስትል አቃታት። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ግድግዳውን ይዛ ቆማ አገኘኋት። ተሸክሜ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

«እናቴ፣ ምንድን ነው የሚያነዱት?» አላት ሐኪሙ።

«ከሰል» አለች ቶሎ ብላ። እድሜ ልኳን በከሰል ስታበስል አይቻት አላውቅም። ዞር ብዬ ሳያት ወለሉን ታያለች።

«ሰጋቱራ ነው፤ የኤምዲኤፍ። የማመጣላት እኔ ነኝ» አልኩት።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሙጫው ሲቃጠል ጭሱ መርዝ እንደሆነ፣ ሳንባዋ ክፉኛ እንደተጎዳ፣ ከእንግዲህም እንደ ድሮው እንደማይሆን ነገረን።

በባጃጅ ስንመለስ «ለምን ዋሸሽው?» አልኳት።

«ታዲያ ወንድሜ ነው ልበለው?»

ወደሷ ዞርኩ። «ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ከመጀመሪያው ማዳበሪያ ጀምሮ» አለች። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅኳት። «እንደ ሌላው ሰጋቱራ አይደለም፤ ጉሮሮ ያንቃል። ግን አንተ እንደዚያ ደስ ብሎህ ተሸክመህ መጥተህ፣ በምን አፌ መልሰው ልበልህ?»

ጮህኩባት። እዚያው ባጃጅ ውስጥ፣ መተንፈስ ያቃታት ሴት ላይ፣ «ይሉኝታሽ ገደል ይግባ! ሰው እንዴት ለይሉኝታ ብሎ ራሱን ይገድላል?» እያልኩ ጮህኩባት። ነጂው በመስታወቱ አየኝ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ምሳ ቤቱ ተዘጋ። እኔ አሁን የበርሜሉን አቧራ ከከተማ ወጣ ብዬ ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብረዋለሁ። ሰጋቱራ ሊለምኑ የሚመጡትን ሴቶች መርዝ ነው ብላቸውም አያምኑኝም፤ ስስታም ይሉኛል፤ ይበሉኝ። እህቴን ይቅር በይኝ ስላት «ምን አደረግከኝ?» ትለኛለች። ብትሰድበኝ፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቸሃ ዘመድ ሊጠይቃት ይመጣል። አልጋዋ ላይ በትራስ ተደግፋ፣ ሁለት ሁለት ቃል እየተናገረች፣ መሃል ላይ እያረፈች፣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያንኑ ትነግራለች፦ «ወንድሜ እኮ... አንድ ቀን እንኳ... እሳት አሳጥቶኝ አያውቅም።» ሽማግሌዎቹም እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኛል። እኔም በሩ ጋ ቆሜ አሜን እላለሁ።