ከጉድጓዱ የሚበላው ሰው

ሾፌሮች «ጋሽ ባሌስትራ» ነው የሚሉት። ባሌስትራ ያ ከመኪና ሥር ተደራርቦ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው ብረት ነው፤ ሰውየው ያረጀው እሱን ሲጠግን ነው። ጋራዡ ዋናው መንገድ ወደ ገበያው የሚታጠፍበት ላይ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ደግሞ ሾፌር ሳይራገም የማያልፈው ጉድጓድ ተንሰራፍቶ ተኝቷል። ክፉ አፍ ያላቸው ሰዎች «በአካፋ የሚያሰፋው እሱ ራሱ ነው» ብለው ያሙት ነበር። ሐሰት ነው። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ አንዲት ጠጠር እንኳ ጥሎበት አያውቅም። ለምን ሲሉት «መንገድ የመንግሥት ነው፣ እኔ በመንግሥት ሥራ ጥልቅ አልልም» ይላል።

አንድ ልጅ አለችው። ባንክ ቤት፣ ንጹሕ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ብድግ ብላ ሥራውን ለቀቀችና በብድር ሚኒባስ ገዝታ ራሷ መንዳት ጀመረች። የአባትየው ቆሽት አረረ። «ያን መሪ ከጨበጥሽ አባዬ ብለሽ እንዳትጠሪኝ» አላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድ ነገር ታዝዛ የማታውቅ ልጅ፣ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ይቺን ትእዛዝ ቃል በቃል ተቀበለች።

ቤት መምጣት ቀረ። ጋራዥ ግን ትመጣለች፤ ባሌስትራ መሰበሩ አይቀርም፣ ከእሱ የተሻለ ጠጋኝ ደግሞ ከተማው ውስጥ የለም። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ቆማ «ጌታው፣ የኋላው ግራ ነው» ትለዋለች። እሱም መኪናው ሥር ይገባና ሥራውን ያለ ቅጥ እያንዛዛ፣ ጫማዋን እያየ፣ ድምፅዋን ይሰማል። እናትየው ምሳ በሳህን ትልክላታለች፤ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ትበላለች። ከልጁ የቀረችለት ይቺው ሰዓት ነበረች።

በዚያን ጊዜ የአሽከርካሪ ክፍያ የሚሉት ነገር ነበር። መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ በየዓመቱ እኩል ይከፍላል። ተሳቢ የሚጎትተውም፣ መኪና ኖሮት የማያውቀውም፣ ዓይኑ ፈዞ መንጃ ፈቃዱን ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው ሽማግሌም እኩል። ጋሽ ባሌስትራ ራሱ ከግቢው እስከ በሩ ብቻ እየነዳ ዓመት ጠብቆ ይከፍል ነበር፤ ግድም አልሰጠው። አንድ ቀን ግን ልጁ ለሌላ ሾፌር «ዘንድሮ ይሄ ክፍያ ወገቤን ቆረጠው» ስትል ከመኪና ሥር ሆኖ ሰማ። እንደ ተኛ ተንፏቆ ወጣ፤ ያን ቀን ወደ ሥራ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመው። ሾፌሩን ሰበሰበ፣ ፊርማ አስፈረመ፣ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ስለ ፍትሕ ነው ብሎ ሲናገር የሰማው ሁሉ አመነ፤ ስለ ልጁ መሆኑን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። በመጨረሻ ክፍያው ተሻረ። ሾፌሮች በትከሻ ተሸከሙት፣ የሱሪው ስፌት ተተረተረ፣ እሱ ግን ልብም አላለው።

ያ ገንዘብ የት ይገባ ነበር ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ለካ መንገድ ላይ ነበር የሚውለው! ከላይ ጀምሮ አስፋልት እያለበሰ የመጣው መኪና ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ጭነው ውልቅ አሉ። ክረምቱ ሲገባ ጉድጓዱ ጉድጓድ ወለደ። ጋራዡ በሰው ተጨናነቀ። በወር አንዴ ትመጣ የነበረችው ልጁም በየሳምንቱ ትመጣ ጀመር። ጋሽ ባሌስትራ ደስ አለው። ማፈር ነበረበት፤ አላፈረም።

ታዲያ አንድ ቀን አግዳሚው ላይ እንደ ተቀመጠች፣ «ጌታው፣ መስመር ልቀይር ነው» አለችው። «ማዶ ከተማ መንገዱ ደህና ነው አሉ። እዚህ ከቆየሁ መኪናዬ ተበታትኖ ያልቃል።»

ከመኪናው ሥር ብረት ሲወድቅ ተሰማ። መፍቻው አምልጦት ግንባሩን መቶት ነበር፤ ያመመው ግን ሌላ ነው።

በዚያው ሰሞን መንግሥት ለመንገድ የሚሆን ፍትሐዊ ክፍያ አብረን እንፈልግ ብሎ ስብሰባ ጠራ። ሾፌሮች ያለ ጥርጥር እሱን ወከሉት። እሱ ግን ጭንቅ ያዘው። መንገዱ ካልተሠራ ልጅቷ ትሄዳለች፤ ከተሠራ ባሌስትራ አይሰበርም፣ ታዲያ ምን ብላ ትመጣለች? ይህን ለሚስቱ ቢነግራት ትክ ብላ አየችውና «ባሌስትራ ካልተሰበረ ልጅ የለህም ማለት ነው?» አለችው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አንዱ ኃላፊ ነዳጅ ላይ እንጨምር ሲል ሾፌሩ አጉረመረመ፤ ሌላው ታሪፍ ላይ ሲል ተሳፋሪው ተቆጣ። ሦስተኛው የድሮውን ክፍያ ስሙን አሳምሮ ይዞት ሲመጣ ወለሉ በጫማ ተደበደበ። ጋሽ ባሌስትራ ተነሣና ከመንገዱ ብዙ የሚያገኝ ብዙ ይክፈል፣ ከባድ መኪና እንደ ጭነቱ ይክፈል አለ። ተጨበጨበለት። የጭነት መኪና ባለቤቶች፣ ማለትም ዋና ዋና ደንበኞቹ፣ ፊታቸውን አጠቆሩበት። ሊቀመጥ ሲል ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ልጁ ነበረች።

«ከመንገዱ የሚያገኝ እንዳለ ሁሉ ከጉድጓዱ የሚያገኝም አለ» አለች። «ጋራዦችስ? አባዬ፣ አንተው ንገራቸው እስቲ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አጠገቡ ያሉት ጠጋኞች ካድ፣ ካድ እያሉ በክርን ጎሸሙት። መካድ ይችል ነበር፤ ሾፌሩ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው። ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮው ውስጥ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

«ልጄ ልክ ናት» አለ። «ከየጥገናው ለመንገዱ ይቆረጥ። እኔን መጀመሪያ ጻፉኝ።»

እንደ ተባለውም ሆነ። ጠጋኞቹ ሰላምታ ነሱት፤ አብዷል ብለው አስወሩበት። የአስፋልቱ መኪና ተመልሶ መጣና ጉድጓዱን ደፈነው። ጋሽ ባሌስትራ በሩ ላይ ቆሞ ቀብር ላይ እንደ ቆመ ሰው አየው። ልጁ መስመሯን አልቀየረችም፤ በአዲሱ መንገድ እየበረረች፣ ክላክስ አድርጋ ታልፋለች። እሱ መፍቻውን ከፍ ያደርግላታል፣ አለቀ። «ቤት ነይ» የምትለዋ ቃል አንደበቱ ላይ ደርሳ ትመለሳለች። እሷም ሳይጠራት አትሄድም፤ የማን ልጅ ሆነችና።

ጋራዡ ጭር ባለበት አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሚኒባሷ ታጥፋ ገባች።

«የኋላው ግራ የሚንጫጫ መሰለኝ» አለች።

ገባ መኪናው ሥር። ባሌስትራው ደህና ነው፤ አንድ ብሎን እንኳ አልላላም። ጫማዋ እዚያው አለ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይላል። መዶሻውን አነሣና ምንም ያልሆነውን ብረት ኳ፣ ኳ አደረገው።

«ክፉኛ ተጎድቷል» አለ ከሥር። «ዛሬ የሚያልቅ አይመስለኝም። ቤት ሄደን ምሳ እንብላና እናየዋለን።»

«እሺ፣ አባዬ» አለች።

ከምሳ በኋላ ከዚያ ጥገና ለመንገዱ የሚቆረጠውን ሊከፍል ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ ያን የአሽከርካሪ ክፍያ ያስሻረ ሰው መሆኑን ሲያውቅ ለጩኸት ተዘጋጀ። ጋሽ ባሌስትራ ግን አንገቱን አስግጎ በትሕትና ጠየቀው፦

«ለሚቀጥለው ሳምንት ጥገናም አስቀድሞ መክፈል ይቻላል?»