የቶርባዝ መኪና ጣዎስ

አጎቴ ኡስታድ ዘርጉል ዕድሜያቸውን ሙሉ በፓኪስታኗ ፔሻዋር የጭነት መኪና በሥዕል ሲያስጌጡ ኖሩ። አበባውንና ተራራውን ለተማሪዎቻቸው ይተዋሉ፤ የኋላ በሩ ላይ የምትቆመውን ጣዎስ ግን ከእሳቸው በቀር ማንም አይስላትም።

ከዚያ ዓይናቸው ውስጥ ጉም ገባ። ሐኪሟ ሳትደብቅ ነገረቻቸው፦ «ባባ፣ የዓይንዎን ሞራ በቀዶ ጥገና አወጣልዎታለሁ። ግላኮማ የሚባለው በሽታ የበላውን ነርቭ ግን ማንም አይመልሰውም።» እሳቸው የሰሙት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር።

ፋሻው ሲነሳ «ያ አላህ! ቀይ እንዲህ ነበር እንዴ?» ብለው የነርሷን የሻርፕ ጫፍ ያዙ። እኔም ቀይን ገና ያን ዕለት ያየሁት መሰለኝ።

ቤት ስንደርስ ሚስታቸው ጉልሜና «አሁን ደግሞ አረጀሽ ሊሉኝ ነው!» አለች።

«አንቺን የማይሽ በቁራሽ ነው። አፍንጫሽ ሲመጣ አገጭሽ ይጠፋል።»

ቀልድ መስሎን ሳቅን።

ሹፌሩ ቶርባዝ አዲስ መኪናውን የአጎቴ ጋራዥ ውስጥ አቁሞ፣ ማንም ሳይነካበት ጠብቋቸው ነበር። «ኡስታድ፣ ይቺን ያሳምሩልኝ እንጂ ብሩሽዎ አይሰቀልም። ጓደኞቼን በሙሉ አመጣለሁ።» አጎቴ ብሩሹን ሰቅለው ሥራ ሳያቆሙ መሞት ነበር የሚፈልጉት። አፍንጫቸውን የኋላ በሩ ላይ አስጠግተው ጣዎሷን ሳሏት። እያንዳንዱ ላባ፣ ለብቻው ሲታይ፣ አፍ ያስከፍታል።

ቶርባዝ መጥቶ አየና ጢሙን አሻሸ። «ኡስታድ፣ አንድ ጣዎስ ነው ያዘዝኩት ወይስ ሁለት?»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ወዲያው ዋጡት። የጣዎሷ አንገት ከደረቷ ስንዝር ርቆ ብቻውን ቆሟል።

አጎቴ ወደ ኋላ መራመድ ጀመሩ። የቀረላቸው እይታ የቁልፍ ቀዳዳ ያህል ነውና፣ ጣዎሷ ሙሉዋን እንድትገባበት መራቅ ነበረባቸው። ከኋላቸው የነበረውን የሻይ ሻጩን አግዳሚ ወንበር ገለበጡ። ክንዳቸውን ያዝኩ። ጋራዡ በር ላይ ስንደርስ ቆሙ።

ጥርት ብላ ታየቻቸው።

«በገዛ ብሩሼ አርጃታለሁ» አሉ።

«ይስተካከላል፣ አጎቴ።»

«በማን ዓይን?»

ቶርባዝ ከወዲያ ጮኸ፦ «ግድ የለም ኡስታድ፣ እንዲሁ እነዳታለሁ! ማን ያያታል?»

የአጎቴን ፊት ያጠቆረው ያ ደግነት ነው። «ነጭ ቀቡባት» አሉ ተማሪዎቹን።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ደገሙት። ከዚያ ነጩ ቀለም ከጭራዋ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ላባዎቹን፣ ደረቷን፣ ብቻውን የቀረውን አንገት ሸፈነ። አጎቴ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው አዩት።

ብሩሹን እጄ ላይ አስቀምጠው «ጉሙ ይሻለኝ ነበር» አሉ።