በገበያ ቀን መሮጥ

ሐምሌ 28 ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚወስደው አስፋልት ስሮጥ የቀኝ እግሬ ባት ተጎዳ። ጭጋጉ ወፍራም ነበር። ሰው ከኋላዬ ድንጋይ የወረወረብኝ መስሎኝ ዞርሁ። መንገዱ ባዶ ነው፤ ድንጋይም የለም። ቁጭ ብዬ ባቴን ዳሰስሁ፣ ለመቆም ሞከርሁ፣ አልሆነም። እህል ጭኖ ወደ ከተማ የሚገባ አይሱዙ አሳፈረኝ።

ሥራዬ ዜና መዘገብ ነው። ለብዙ ዓመታት የሩጫ ውድድሮችን ከመንገድ ዳር ቆሜ፣ መቅረጸ ድምፅ ይዤ ዘግቤያለሁ። በዚያ ዓመት ግን፣ አርባ ሲሞላኝ፣ ከጥምቀት በኋላ በከተማችን በሚደረገው የሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ውድድር ራሴ ልሮጥ ወስኜ ከፋሲካ ጀምሮ ስለማመድ ነበር። ማሸነፍ አላሰብሁም። የፈለግሁት ጀምሬ መጨረስ ብቻ ነው።

ሆስፒታል ያየኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከደቡብ የመጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ወጣት ነው። ጡንቻው በከፊል እንደተቀደደ፣ ጨርሶ ግን እንዳልተበጠሰ ነገረኝ። የቀረውን ክረምት ደጃፌ ካለው ደረጃ ላይ ቆሜ ተረከዜን ከፍና ዝቅ በማድረግ አሳለፍሁት። ዝናቡ ሲያባራ እንድሮጥ ፈቀደልኝ፤ ግን በአንድ ግዴታ። ትንሽ መሮጥ፣ ትንሽ መራመድ፣ ደግሞ ትንሽ መሮጥ። ጡንቻው የሚጠነክረው በመሃል በሚያገኘው ዕረፍት ነው፣ እርምጃውን እንዳልዘለው ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ለመስማት ቀላል ነበር። ጠዋት ጠዋት አብረውኝ የሚሮጡት መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ከሁሉም የምትቀርበኝ ጎረቤቴ መምህርት ናት፤ አንደበቷ ሰውን አይምርም። መራመድ ስጀምር ወደ ኋላ ዞራ እየሮጠች አየችኝና፣ «ቱታውን ለማን ነው የለበስሽው? ለዚህ ለዚህማ በነጠላም ይደረሳል» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ አልከፋኝም። የከበደኝ ጀርባቸው ከፊቴ ሲርቅ ማየት ነው። በሰዓት ለክቼ የያዝሁትን እርምጃ ሳይሞላ እያቋረጥሁ እከተላቸው ጀመር።

ባቴ በጥቅምት ሁለት ጊዜ አገረሸብኝ። በሁለተኛው ጊዜ ባለሙያው እግሬን አገላብጦ ዳስሶ ሲያበቃ፣ «ሦስተኛ ጊዜ ከመጡ ጥርን ይርሱት» አለኝ።

በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። ከአስፋልቱ ወርጄ በጉና ተራራ በኩል ያለውን የኮረት መንገድ መረጥሁ፤ እዚያ የሚያስቸኩለኝ ሰው የለም ብዬ ነው። ቀኑ ግን ገበያ ነው። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም፤ ከደጋው የሚወርደው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ድንች የጫኑ አህዮች፣ የሚነዱ በጎች፣ ገብስ የተሸከሙ ሴቶች።

ከፊት ከሚመጡት አንድ አዛውንት ስሮጥ አዩኝና በጋቸውን አቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላቸው የነበሩት ሴቶችም ሸክማቸውን አወረዱ፤ አንዷ ነጠላዋን ከወገቧ አሸረጠች። ፊታቸውን ሳይ ደንግጬ ቆምሁ።

«ማን ነው ያረፈው?» አሉኝ አዛውንቱ።

ማንም እንዳላረፈ ነገርኋቸው። አላመኑኝም። ከየት ቤት እንደተላክሁ ጠየቁኝ፤ ከማንም እንዳልተላክሁ፣ ለውድድር እየተለማመድሁ መሆኑን አስረዳሁ። በዚያ አገር ጎህ ሲቀድ ከመንደር መንደር የሚሮጥ ሰው ዘመድ ለቀብር የሚጠራ ነው። ከተማ ስኖር ረስቼው እንጂ እኔም አውቀዋለሁ፤ አባቴ ያረፈ ዕለት የአጎቴ ልጅ ከእኛ ቤት እስከ እብናት መዳረሻ እንዲህ ሮጧል።

«ታዲያ ማን ነው የሚያባርርሽ?»

«ማንም፣ አባቴ። እግሬን ታምሜ ነበር፤ አሁን ገና መልመዴ ነው።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነጠላዋን ያሸረጠችው ፈታችና፣ «በሉ ገብሴን አሸክሙኝ፤ በከንቱ ልታስለቅሰኝ ነበር» አለች። ሰው ሳቀ። አዛውንቱ ግን አልሳቁም። ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና ረጋ ብለው ነገሩኝ፦

«ልጄ፣ ሰው ስታይ ተራመጂ። ያን ጊዜ ሁሉም ደኅና መሆኑን እናውቃለን።»

እሺ ብዬ እጅ ነሣሁ። ከዚያ በኋላ አማራጭ አልነበረኝም። መንገዱ ባዶ ሲሆን እሮጣለሁ፤ ሰው ብቅ ሲል እራመዳለሁ። መራመድ ብቻም አይበቃም። እንዴት አደሩ ማለት፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን መጠየቅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እስኪባል መጠበቅ አለ። አንዱን ቡድን አልፌ ጥቂት እንደሮጥሁ ሌላው ከኩርባው ይወጣል። ሰዓቴን ማየት ተውሁ። ቤቴ ስደርስ ፀሐይ ሞቃ ነበር። ባቴን ጨመቅሁት፤ አልታመመኝም። እሑድ ጠዋትም ደግሜ ጨመቅሁት፤ አልታመመኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ወደዚያው ሄድሁ፤ ከዚያም በኋላ ባለው። የአዘቦቱን ቀን ደግሞ ተማሪዎች በሚበዙበት መንገድ አደረግሁት። ገበያተኞቹ ለመዱኝ። ነጠላዋን ፈትታ ያሳቀችን ሴት ከሩቅ ስታየኝ፣ «ዛሬስ ማን ሞተልሽ?» እያለች ትቀልድብኛለች።

በታኅሣሥ መምህርቷ ጎረቤቴ አብሬሽ ልሂድ አለችኝ። ሰው ሲመጣ መራመድ እንዳለብን አስቀድሜ ነገርኋት። እንደ ልማዷ ሳቀችና ጥላኝ ሄደች። ከኩርባው ማዶ ስደርስባት በማላውቃቸው ሰዎች ተከባ፣ አንድ ሽማግሌ እጇን ይዘው እያጽናኗት፣ እሷ ማንም አልሞተብኝም እያለች ትምላለች። የቀረውን መንገድ ከጎኔ ሳትለይ ተራመደች፤ ስሮጥም ሮጠች። በመመለሻችን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቱታዬ ምንም አላለችም።

ከገና በኋላ ባለሙያው ዘንድ ቀረብሁ። በቀኝ እግሬ ብቻ ቆሜ እንድዘል አዘዘኝ። ዘለልሁ። ደግሞ አዘለለኝ። ባቴን በሁለት አውራ ጣቶቹ ተጭኖ ፊቴን አየ። የት ስለማመድ እንደቆየሁ ሲጠይቀኝ ስለ ገበያው መንገድ ነገርሁት፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «እኔ ካዘዝሁት በላይ ተራምደዋል» አለኝ። ውድድሩን ልሮጥ እችል እንደሆነ ጠየቅሁት። «አቀበቱን ይራመዱ እንጂ ይችላሉ» አለ።

ውድድሩ የተጀመረው ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ነፋሱ ከጉና በኩል ይነፍስ ነበር። አቀበቱን ተራመድሁ፤ ሜዳውንና ቁልቁለቱን ሮጥሁ። መጨረሻው መስመር ስደርስ ከኋላዬ ገና የሚመጡ ሯጮች ነበሩ።