ከገመዱ ወዲህ የወደቀችው ኳስ

ባለገመዷ ይሏታል። በጎልፍ ሜዳው ከበሩ ጥበቃ ጀምሮ እስከ ሣር አጫጆቹ ድረስ በሌላ ስም የሚጠራት የለም። ሥራዋ ላየው ሰው ቀላል ነው። በመጨረሻው ጉድጓድ ዙሪያ ከዘንግ ወደ ዘንግ የተወጠረ አረንጓዴ ገመድ አለ። ተመልካቹ ከገመዱ ወዲህ፣ ተጫዋቹ ከገመዱ ወዲያ ይሆናል፤ እሷ መሃል ላይ ትቆማለች። ገመዱ ወገብ እንኳ አይደርስም። ሕፃን ከሥሩ ይሾልካል፣ ረጅም ሰው እግሩን አንስቶ ይሻገረዋል። ሰው የማያልፈው ገመዱን ፈርቶ ሳይሆን እሷን አክብሮ ነው። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታምናለች፤ እስከ ዛሬም ያስተባበላት አልተገኘም።

ስለ ጎልፍ ተጫዋቾች ከማንም ጋር የምትከራከርበት አንድ ነገር አላት። ተጫዋቾቹ ከሰው ጋር ሲገናኙ ሸጋ ናቸው፣ ሰዓቱን ማወቅ ብቻ ነው። ተጫዋች ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ሲመጣ ሙሉ ባልዲ ይዞ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ነው፤ ያኔ ስሙን ብትጠራው ዞር አይልም፣ ዞር ቢልም አያይህም። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ገና አላለቀም። ከሜዳው ጥግ ባለችው ነጭ ክፍል ገብቶ የውጤት ካርዱን አይቶ መፈረም አለበት። ፈርሞ ሲወጣ ግን ባልዲውን አስቀምጧል፤ ጎረቤትህ ነው።

“እስክሪብቶ ወደ ኪስ!” ትላለች በየውድድሩ፣ ገመዱን ይዛ እየተራመደች። “ስም መጥራት የለም፣ እጅ መዘርጋት የለም። ካርዱን ሲፈርም እኔው እነግራችኋለሁ።”

ሰዉም ይሰማታል። ከአንድ ተመልካች ጋር ኮፍያ ተለዋውጦ የሄደ ተጫዋች አይታለች። ነፍሰ ጡር ቆማ ያየ ሌላ ተጫዋች የራሱን ወንበር አስመጥቶላት፣ እሱ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ለተሰለፈው ሁሉ ፈርሟል። ጫማ እግሯን የላጣት አንዲት ተጫዋች ደግሞ ገመዱን ተደግፋ ከሴቶቹ ጋር ስለ ፕላስተር ስታወራ መኪናዋ አምልጧታል።

ይህን ሁሉ ቤት ገብታ ስታወራ ለታላቅ እህቷ አይዋጥላትም። ታላቋ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ሰው ሁሉ መስታወት ፊት ሲቀመጥ ደግ እንደሚመስል ስለምታውቅ ማንንም በቀላሉ አታምንም።

“ካሜራ ስላለ ነው” ትላለች ሳህን እያነሳች። “ካሜራውን አንሺና ሰላም ሲሉሽ አሳይኝ።”

“እትዬ፣ አንድ ቀን መጥተሽ እይ እንጂ!”

“ምን ቆርጦኝ! የሰው ዱላ ሲወዛወዝ ቆሜ ላይ?”

አባታቸው በዚህ ክርክር ውስጥ አይገቡም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአውቶቡስ መናኸሪያው የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ነው። ጃንጥላ፣ የአንድ እግር ጫማ፣ ጥርስ፣ ክራር ሳይቀር ሰው ጥሎ የሄደውን ሁሉ አንስተው፣ አቧራውን ጠርገው፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ያቆያሉ። ጎልፍን የወደዱትም እዚያው ነው። ባለቤት ያጣች ትንሽ ቴሌቪዥን መደርደሪያው ላይ ነበረች፤ “እንዳትበላሽ” እያሉ ይከፍቷታል፣ ስትከፈት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምታሳየው ጎልፍ ነበር። ከተጫዋቾቹ ሁሉ የሚወዱት ኮስታራው የሚባለውን ነው። ፊቱ አይፈታም፣ ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ያው ነው። ታላቋ ልጅ “ከሁሉም እሱን ምን አገኙበት?” ስትላቸው፣ “በዱላው የነቀላትን ሣር አንስቶ ወደ ቦታዋ ይመልሳል” ይላሉ። “ሁሉም ይመልሳሉ፣ እሱ ግን በእግሩ ረግጦ ማስተካከሏን ያያል።”

በዚህ ዓመት አዲስ ኃላፊ መጣ። ሲመጣ ቀድሞ ያየው ገመዱን ነው። ባለፈው ውድድር፣ እሷ ታማ በቀረችበት ቀን፣ ሰዉ ተገፋፍቶ ዘንጎቹን ጥሎ ነበር። ስለዚህ ኃላፊው ከመጋዘኑ ጀርባ የብረት አጥር አስመጥቶ በላስቲክ አስሸፈነ። አጥሩ ከተተከለ ተጫዋቾቹ ከነጯ ክፍል በኋላ በር ወጥተው ቀጥታ መኪና ውስጥ ይገባሉ፤ ከሰው ጋር መገናኘት የሚባል ነገር ያበቃል። እሷም የማትፈለግ ትሆናለች። አጥር ሰው አያስፈልገውማ።

“ይህ ውድድር የመጨረሻ ዕድልሽ ነው” አላት። “አንድ ነገር ከተፈጠረ ሰኞ አጥሩ ይተከላል።”

“አይፈጠርም፣ አለቃ።”

“እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ?”

“እኔ ነኛ የማስቆማቸው!”

በራሷ ከመተማመኗ የተነሳም ለውድድሩ የመጨረሻ ቀን አባቷን ይዛ መጣች። ሜዳውን በቴሌቪዥን እንጂ በእግራቸው ረግጠውት አያውቁም። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ከገመዱ ፊት ለፊት አንዲት ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ አጠገብ ቆሙ። ታላቅ እህቷም ፀጉር ቤቱን ዘግታ መጥታለች። “ያንቺን ደጋጎች በዓይኔ ልያቸው ብዬ ነው” አለች።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዎቹ ሁለት ተጫዋቾች መጡ። አንዱ ኮስታራው ነው፤ በአንድ ምት ተቀድሟል። ከሩቅ ያነሳት ኳስ ከፍ አለች፣ ከሚገባው በላይ ከፍ አለች፣ ባንዲራዋን አልፋ ነጠረችና ተንከባልላ ከገመዱ ሥር ሾልካ ገባች። ባለገመዷ ያስተማረቻቸው ሰዎች ወዲያው ክፍት አድርገው ወደ ኋላ አሉ። ኳስ እንደወደቀች ነው የምትተወው፤ ይህን የሜዳው ውሻ እንኳ ያውቃል።

የማያውቁት አባቷ ብቻ ናቸው። ወይም ያውቃሉ፣ እጃቸው ግን አላወቀም። ባለገመዷ ከገመዱ ማዶ ጫፍ ዞር ሳትል ጎንበስ አሉና አነሷት። መሐረባቸውን አወጡ። ጠረጓት። ከዚያ ከፍ አድርገው አሳዩ።

“የማን ናት?”

ሰዉ ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ጃንጥላ የያዘችው ሴትዮ፣ “ውይ አባባ! ምን አደረጉ?” አለች።

“ወድቃ አገኘኋታ።”

ኃላፊው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ደርሷል። “ማን ነው ይህ ሰውዬ? በሉ አስወጡልኝ!”

“አባቴ ናቸው” አለች ባለገመዷ።

“ጭራሽ አባትሽ! በቃ፣ ሰኞ ...”

“ሰኞ ገና ነው አለቃ። አሁን ድምፅዎን ይቀንሱልኝ፣ ተጫዋቹ እየመጣ ነው።”

 ባለገመዷ ገመዱን ከሁለት ዘንጎች ፈትታ ሣሩ ላይ አስተኛችና መንገድ ከፈተች። ኮስታራው ከዳኛው ጋር መጥቶ አባቷ ፊት ቆመ። ፊቱ እንደተለመደው ነው። አባቷ ኳሷን በሁለት እጃቸው እንደያዙ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

“ልጄ፣ ያንተ ናት?”

“የኔ ናት፣ አባት።”

ያን ጊዜ ሰጥተውት ቢሆን ጥሩ ነበር። የዕድሜ ልክ ሥራ ግን እንዲህ በቀላሉ አይተውም። ጨበጥ አደረጓትና፣ “ምልክቷ ምንድን ነው?” አሉት።

ታላቋ ልጅ ዓይኗን ጨፈነች። ዳኛው ተጫዋቹን አየ፣ ተጫዋቹ ሽማግሌውን አየ።

“ከጽሑፉ ሥር ሁለት ሰማያዊ ነጥብ።”

አባቷ ኳሷን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አገላበጧት። “ልክ ነው። እንካ። ከዚህ ነው ያነሳኋት፣ ከሴትዮዋ ግራ ጫማ ፊት፣ ያቺ ቢጫ ቅጠል ሥር። ከየት እንደተነሳ ሳይታወቅ ዕቃ አይሰጥም።”

ሴትዮዋ እግሯን እንዳታንቀሳቅስ ሐውልት ሆናለች። “እውነታቸውን ነው” አለች በሹክሹክታ። ዳኛው አስቦ፣ በተመልካች የተነሳች ኳስ ያለ ቅጣት ወደ ቦታዋ ትመለሳለች አለ። ኮስታራው ጎንበስ ብሎ ኳሷን ቅጠሏ ሥር አኖረ። አቋሙን አስተካክሎ መታ። ኳሷ ወጣች፣ ወረደች፣ ጉድጓዱን እያየች መጣች፣ እያየችም ከንፈሩ ላይ ቆመች።

በአንድ ምት ተሸነፈ።

ጭብጨባው ሁሉ ለሌላው ሆነ። ኮስታራው ተጋጣሚውን ጨብጦ፣ ግራ ቀኝ ሳይል ነጯ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። ከሕዝቡ መሃል “ሽማግሌው ባይነኩበት ኖሮ” የሚል ድምፅ ተሰማ። የአባቷ ፊት አመድ መሰለ።

“አበላሸሁበት እንዴ፣ የኔ እናት?”

“አላበላሹም፣ አባዬ። ይመጣል፣ ራሱን ይጠይቁታል።”

“ይመጣል?” አለ ኃላፊው ከኋላ። “መኪናው በኋላ በር ቆሟል። እኔው ነኝ ያስቆምኩለት። ሕዝቡን በትኚ።”

“ካርዱን አልፈረመም።”

“ቢፈርምስ?”

“ሲፈርም ይመጣል።”

ኃላፊው ሳቀ። ታላቅ እህቷ እንኳ በዚህኛው ጊዜ አልሳቀችም፤ ጠጋ ብላ፣ “እስቲ ተይ፣ ተሸንፎ ማን ሰው ያያል? እኔ ራሴ አልመጣም” አለቻት።

ባለገመዷ ገመዱን መልሳ ወጠረች፣ ቋጠሮውን አጠበቀች፣ “እስክሪብቶ ወደ ኪስ!” አለች። አሸናፊው ወጥቶ ለተወሰኑት ፈርሞ ወደ ሽልማቱ ሄደ። ካሜራዎቹ በሙሉ ተከትለውት ሄዱ። ግማሹ ሰው ሄደ። ቀጥሎ ከነጯ ክፍል ጀርባ የመኪና ሞተር ተነሳ፤ ድምፁ እየራቀ ሄደ። ኃላፊው እጁን አጣምሮ አያት። እሷ ዘንጓን ይዛ በሩን ማየቷን አላቆመችም። 

በሩ ተከፈተ። ኮስታራው ኮፍያውን አውልቆ፣ ጓንቱን የኋላ ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ በእግሩ እየተራመደ መጣ። መኪናው የሄደው ዕቃውን ብቻ ይዞ ነው። በገመዱ ዳር ከቆሙት ማንንም ሳያይ ቀጥታ አባቷ ፊት ቆመ።

“ዕቃ ጠፍቶብኝ ነበር። እዚህ ይጠየቃል አሉኝ።”

አባቷ ሳያስቡት ቀጥ አሉ። “ምን ዓይነት ዕቃ?”

“ዋንጫ።”

ሳቁ ከገመዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። አባቷ አልሳቁም። “እሱ እስካሁን አልደረሰንም። ከተገኘ እናሳውቅሃለን” አሉ።

ያኔ ነው የኮስታራው ፊት የተፈታው። አፉ ብቻ አይደለም፣ ግንባሩም ጆሮውም ሳቀ። አባቷ ግን የሆዳቸውን ጠየቁት። “ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። አበላሸሁብህ?”

“አባት፣ ኳሷን እዚህ ድረስ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋኝም። እርስዎማ ጠርገው ነው የሰጡኝ።”

“እንዲያ ከሆነ ሳትፈርም ነው የተረከብከው። የተረከበ ሰው ይፈርማል።”

“እውነትዎን ነው፣ ጥፋቴ ነው።” ኳሷን ከኪሱ አወጣ፣ እስክሪብቶ ተቀብሎ ከሁለቱ ሰማያዊ ነጥቦች አጠገብ ፈረመና መልሶ ሰጣቸው። “አሁን ደግሞ እርስዎ ተረከቡ። ይፈርሙልኝ።” ጓንቱን አውጥቶ መዳፉ ላይ ዘረጋላቸው። አባቷ እስክሪብቶውን ይዘው፣ በመናኸሪያው እንደሚያደርጉት ቀስ ብለው፣ ሙሉ ስማቸውን ጻፉ።

ባለገመዷ ይህን ጊዜ ወደ ሕዝቡ ዞረች። “ካርዱ ተፈርሟል!” አለች። “በሉ እስክሪብቶ ከኪስ። ትንንሾቹ ወደ ፊት!”

ኮስታራው ገመዱን ይዞ ከጫፍ ጀመረ። ጃንጥላ የያዘችውን ሴትዮ፣ “እግርሽ ተንቀሳቀሰ ወይስ እስካሁን እንደተተከለ ነው?” አላት። ታላቅ እህቷ ጋ ሲደርስ እሷ ወረቀት አልዘረጋችም፣ አንገቱን ነው ያየችው።

“ፀጉርህን ማን ነው የሚቆርጥህ? ከኋላ በልተውሃል እኮ።”

“ሚስቴ ናት።”

“ኧረ እንግዲህ ... ከፊት አምሮበታል በላት።”

“ከኋላ ያልሽውን እነግራታለሁ” አላትና እየሳቀ አለፈ። ታላቋ ልጅ ዙሪያዋን ቃኘች፤ አንድም ካሜራ የለም። ታናሿ አይታታለች።

በመጨረሻው ሰው ላይ ሲደርስ ዘንጉን ተደገፈና ዘንጉ ወደቀ። ኮስታራው ራሱ አነሳው፣ ሣሩ ውስጥ ተከለው፣ በእግሩም ረግጦ መጽናቱን አየ። አባቷ ልጃቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉ። “አየሽ?”

ሰዉ ሲሄድ ባለገመዷ ገመዱን ክርኗ ላይ እየጠቀለለች ሳለ ኃላፊው መጣ። ከመጋዘኑ ጀርባ በላስቲክ የተሸፈነውን ብረት አየ፣ ገመዱን አየ።

“ሰኞ ...” አለ።

“ሰኞ ምን፣ አለቃ?”

“ሰኞ ገመዱ ይታጠብ። ቆሽሿል።”

“ዛሬ ነው የሚታጠበው፤ ሰኞ ደርቆ ይውላል” አለችው። የተጠቀለለውን ገመድ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ኳሷን በመሐረባቸው እየጠቀለሉ ወደ ቆሙት አባቷ ሄደች።