የልብስ ማስጫው ሽቦ

ወሰን ሰፈር አንድ ጋራዥ አጠገብ ሳልፍ፣ ጣቢያ የሚፈለግበት ሬዲዮ ሲንሿሿ ሰማሁና የልጅነቴ አንድ ቀን ትዝ አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ኮንጎ የዘመተ ሰሞን ነው። የካ ሚካኤል ያለው ቤታችን ጋራ ሥር ስለሆነ፣ የአባቴ ትንሽ ሬዲዮ ከመንሿሿት በቀር ወሬ አይዝም ነበር። እናቴ እህል መቅመስ ትታ ከጓዳ ደጅ ትመላለሳለች። አባቴ የአንቴና ሽቦ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ውሎ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ጥሩው ውድ ነው፤ ርካሹ ደግሞ አጭር» አለ።

እናቴ ወጣች። ያልደረቀውን ልብስ አጥሩ ላይ ጣለችና የማስጫውን ሽቦ ፈትታ አመጣችለት። «ይኸው! ይህስ አይሆንም?»

አባቴ አንዱን ጫፍ ባሕር ዛፉ ላይ፣ ሌላውን ሬዲዮው ላይ አሰረ። በባዕድ ቋንቋ የሚጣደፍ ሰው ድምፅ መጣ። እኔ «ኮንጎ» የምትለዋን ብቻ ለየሁ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ ክንዱን ይዛ።

አባቴ ሬዲዮውን ዘጋው። «ወታደሮቻችን ደህና ናቸው ነው የሚለው።»

«ተመስገን!» ብላ ገበታ አቀረበች። ሁለቱም በሉ።

ሳህን ስናጥብ ጠጋ ብላ፣ «አባትሽ የፈረንጅ አፍ ከየት ያውቃል? ዝም በይው፤ እሱም እኮ እህል ከቀመሰ ሰንብቷል» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

ታደሰ ከወራት በኋላ ተመለሰ። ያን ሰሞን ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበር ሲያወራ አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ ግን፣ «አባትህ ደህና ነው ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ደህና ነህ» አለችው።

ወላጆቼ ዛሬ የሉም። የልጄ ስልክ አልነሳ ባለ ቁጥር ግን፣ ባያውቅም እንኳ «ደህና ነው» የሚለኝ ሰው በዓይኔ እፈልጋለሁ።