«የድሮ» የተባለው ፎልደር

በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ከሚውሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች መካከል ሴት እሷ ብቻ ናት። ባለጉዳዩ «እትዬ ችሎት» ይላታል፤ ቅጽል ስሙ ከፍቅር የመጣ አይደለም። ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ሰው ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት በእሷ ይመረመራል። «ገደለኝ» ያለችውን ሴት «አልሞትሽም፤ መታኝ በይ። የት? መቼ? ማን አየ?» ብላ ታርማለች። እያለቀሰ የሚያወራውን «እንባህን ጨርስና ና፤ ዳኛ የሚቆጥረው ቀን እንጂ እንባ አይደለም» ብላ ወደ አጥሩ ጥግ ትሰደዋለች። ያም ሆኖ ረጅሙ ወረፋ የእሷ ነው፤ የጻፈችው ማመልከቻ «ይብራራ» ተብሎ ሲመለስ ያየ የለምና።

አንድ ልማድ ነበራት። የጻፈችውን ሁሉ ላፕቶፗ ውስጥ ታስቀምጣለች። ባለጉዳይ ወረቀቱን ዝናብ አስመትቶ ወይም ታክሲ ውስጥ ረስቶ ሲመጣ፣ «እናንተን ብሎ ባለጉዳይ!» እያለች ሌላ ቅጂ ታትምለታለች። ፍቺው፣ የውርስ ክርክሩ፣ የወንድማማች ክሱ፣ የአሥራ አራት ዓመት የሰው ገበና እንዲህ ሆኖ በአንድ ማሽን ሆድ ውስጥ ተጠራቀመ። እሷ ይህን ጥንቃቄ ትለዋለች፤ ትኮራበታለችም።

ዓይኗ እየደከመ ሲመጣ ሰፋ ያለ ስክሪን ያለው ላፕቶፕ ገዛች። ያላትን ሁሉ ወደ አዲሱ ገለበጠችና አሮጌውን ለመሸጥ ቆረጠች። ገዢ አልጠፋም። የሰፈሩ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር «ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ኦሪጅናል ሲስተም ይመለስበትና እወስደዋለሁ» አላት። ስለዚህ ማሽኑን ታቅፋ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ሄደች። ሰውየው «ዶክተር» ይባላል። ሳቂታ ነው፤ ደንበኛ ማስቀየም አይወድም። ሰውን ላለማስቀየም ብቻ የሚኖር ሰው ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ጸሐፊዋ ያን ጊዜ አልተረዳችም።

«ስማኝ» አለችው። «ሲስተሙ እንደ ጥንቱ ይሁን። የእኔ የሆነ ግን አንዲት ፊደል እንዳትቀር። እዚህ ውስጥ ያለው የሰው ምስጢር ነው።»

«እትዬ ደግሞ! ዛሬ እንደተወለደች አድርጌ ነው የማስረክብሽ። ስሟን እንኳ አታውቅም።»

«ቀልድህን ለሌላ። ገባህ?»

«ገባኝ አልኩሽ እኮ! ተከሳሽ አስመሰልሽኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱ በሱቁ ጠባብ ባንኮኒ ዙሪያ ተገናኙ። መምህሩ መነጽሩን አስተካክሎ ማሽኑን ከፈተ። ስክሪኑ ንጹሕ ነበር። ዶክተር እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እንደ ሙሽራ ሚዜ ቆመ። ነገር ግን የሒሳብ መምህር ቁጥር ሳያይ አያምንም፤ ማሽኑ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንዳለው ሊያይ ገባ።

«ግማሹ ተይዟል እኮ» አለ። «አዲስ ነው አላላችሁም?»

ወዲያው «የድሮ» የሚል ፎልደር አገኘ። ከፈተው። ከተደረደሩት ጽሑፎች አንዱን ነካና፣ ሰው በመንገድ ያየውን ማስታወቂያ እንደሚያነብ ያለ ክፋት ማንበብ ጀመረ። «አመልካች በልብስ ስፌት ሥራ የምትተዳደር ስትሆን፣ ተጠሪ የልጇ ወላጅ አባት መሆኑ ታውቆ ቀለብ እንዲቆርጥ...»

ድምፁ ተቆረጠ። ስም ላይ ደርሶ ነበር።

ጸሐፊዋ ክዳኑን ጠረቀመችው፤ የመምህሩ ጣት ለጥቂት ተረፈ። «ይህ ምንድን ነው?» አለች፤ ወደ ዶክተር የዞረው ፊቷ ደም ለብሷል።

«እትዬ፣ እሱማ የኔ አሠራር ነው» አለ ዶክተር፣ ሳቁ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ። «ሲስተሙን ስመልሰው ማሽኑ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል፤ "ፋይሎቹ ይቆዩ" ወይስ "ሁሉም ይጥፋ"። እኔ ሁልጊዜ ይቆዩ ነው የምለው። ድሮ አንዷን አጥፍቼባት የልጇ ፎቶ ጠፋ ብላ በር ላይ ቆማ ረገመችኝ። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም እሰበስብና "የድሮ" ብዬ አስቀምጣለሁ። ማን ያየዋል?»

«አንዲት ፊደል አልኩህ!»

«ብለሽኛል። ሰው ግን ይልና በኋላ ይጸጸታል...»

«ስንት ማሽን እንዲህ አድርገህ አስረክበሃል?»

ዶክተር ጭንቅላቱን አከከ። «ኧረ እኔ እንጃ። የመጣውን ሁሉ ነዋ።»

«አንተ እኮ ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር! ሌባ የሚወስደውን መርጦ ይወስዳል። አንተ የሰውን ገበና ጠቅልለህ፣ ስም ለጥፈህ ለማያውቀው ሰው ታስረክባለህ፤ በዚያ ላይ ምስጋና ትጠብቃለህ! ክፈት። አሁን፣ እኔ ፊት።»

ማሽኑ ጥያቄውን ሲያቀርብ የዶክተርን እጅ ገፍታ «ሁሉም ይጥፋ» የሚለውን ራሷ ተጫነች። እስኪያልቅ ሦስት ሰዓት ፈጀ። እሷ ከበርጩማው ንቅንቅ አላለችም። ዶክተር ሻይ ላምጣ ቢላት «ሻይህን ራስህ ጠጣው» አለችው። ሲያልቅ ራሷ ገብታ በረበረችው፤ ምንም አልነበረም።

መምህሩን በረንዳው ላይ ሲጠብቅ አገኘችው።

«ምን አነበቡ?»

«ኧረ ምንም።»

«መምህር፣ እኔ ስዋሽ ሳይሆን ሰው ሲዋሸኝ የምውል ሴት ነኝ። ምን አነበቡ?»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «ልጅቷ ተማሪዬ ናት። ሰባተኛ ክፍል። የሞተውን የእንጀራ አባቷን ነበር አባቷ የሚመስለኝ፤ ለእሷም እንደዚያው ነው የሚመስላት። ከአፌ አይወጣም፣ ቃሌን ይቀበሉኝ።»

ጨዋ ሰው ነው፤ ቃሉን ይጠብቅ ይሆናል። ነገ ስም ሲጠራ ግን ዓይኑ በልጅቷ ላይ ትንሽ ቆየት ማለቱ አይቀርም። ዓይን እንደ አፍ አይለጎምም፤ ልጆችም ከአዋቂ ፊት ማንበብን የሚያህል ሌላ ትምህርት አያውቁም። ጸሐፊዋ ማሽኑን አስረከበችውና አዲሱን ላፕቶፕ በትከሻዋ አንግታ በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት አመራች።

በመንገድ ላይ ክሱን በአእምሮዋ አረቀቀች። ተከሳሽ ዶክተር ነው። ጥፋቱ ግልጽ፣ ምስክሩ ሁለት፣ ቀኑም የታወቀ። ከዚህ የተሻለ ማመልከቻ ጽፋ አታውቅም።

ልብስ ሰፊዋን መርፌዎች በከንፈሯ እንደነከሰች፣ የተቆረጠ ጨርቅ በተቆለለበት ጠረጴዛ አጠገብ አገኘቻት። ጸሐፊዋ ቆማ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሥርዓቱ ተናገረች። ሴትዮዋ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካች።

«ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ፣ እህቴ። ያንን ሰውዬ እንከሰዋለን። በነጻ እጽፍልሻለሁ።»

«ያን ወረቀት አራት ዓመት ሙሉ ማን አስቀምጪ አለሽ?»

ጸሐፊዋ ያልጠበቀችው ጥያቄ ነበር። «ድንገት ቢጠፋብሽ ብዬ...»

«እኔ የኔን ጉዳዩ ባለቀ ዕለት አቃጥዬዋለሁ። አመዱን በእጄ ነው የበተንኩት። ጠፋ ብዬ አራት ዓመት ተኛሁ፤ ለካ አንቺ ቤት ያድር ኖሯል! ጠይቀሽኝ ነበር?»

«ለሁሉም ነው የማደርገው፤ ለናንተው ብዬ...»

«ጠጋኙስ "ለናንተው ብዬ ነው" ያለሽ አይደል?» ሴትዮዋ ተነሥታ ቆመች። «አዲሱ ላይስ አለ?»

ጸሐፊዋ መልስ አልሰጠችም። ሌላው ሰው ዝም ሲላት «ዝምታ ማመን ነው» ብላ የምትጽፍ እሷ ነበረች።

«አውጪው።»

ላፕቶፑን ከጨርቁ መሐል አስቀምጣ ከፈተችው። ስሙን ፈልጋ አገኘችው፤ ሰረዘችው፤ የተሰረዘው የሚጠራቀምበትንም ባዶ አደረገች። ልብስ ሰፊዋ በጸሐፊዋ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ እያንዳንዱን ነገር ተከታተለች።

«የቀሩትስ?»

«ባለቤቶቹን እየጠራሁ እጠይቃለሁ።»

«አስቀድመሽ ነበር መጠየቅ።» ሰዓቱን አየች። «አሁን ሂጂ። ልጄ ልትመጣ ነው። ከመምህሯ ዓይን ከምታነበው ከእኔ አፍ ትስማው። ስታድግ እነግራታለሁ ያልኩትን አንቺ ዛሬ አደረግሽው።»

«እኔም ልቆይና ጥፋቴን ልንገራት።»

«የልጄን ነገር ሁለተኛ በአንቺ ቃል አላስነግርም። ውጪ!»

ወጣች። ንዴቱ እንዳለ አብሯት ወጣ፤ ዶክተር ላይ ልታሳርፈው ብትሞክርም አልቆመላትም። መታጠፊያው ላይ የደንብ ልብስ የለበሰች ቀጭን ልጅ ቦርሳዋን እየወዘወዘች መጣችና ጸሐፊዋ ከእናቷ ደጅ ስትወጣ ስላየቻት ሰላም አለቻት።

«እትዬ፣ እማዬ ቤት አለች?»

«አለች» አለች ጸሐፊዋ። «እየጠበቀችሽ ነው።»

ለልጅቷም መንገድ ለቀቀችላት።